በአው ሐሰን ስም የተገዛው አክሲዮን

የአው ሐሰን ለቅሶ የተቀመጥነው ሬሳ ሳይኖር፣ ቀብር ሳይኖር፣ ሞተ ብሎ የነገረን ሰውም ሳይኖር ነው። እጁን አስረው፣ መኪና ላይ ጭነው በሁርሶ መንገድ ከወሰዱት ዓመታት አልፈዋል። ሚስቱ እትዬ ፋጡማ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ስትል ኖራ፣ አንድ ማለዳ ግቢዋን ጠረገችና የአፎሻውን ሰዎች አስጠራች። «ከእንግዲህ አልጠብቅም፤ ድንኳኑን አምጡልኝ» አለቻቸው።

አፎሻ ለማያውቅ ሰው የኛ የድሬዳዋና የሐረር ሰፈሮች ዕድር ነው። ከፈን የሚገዛው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛ የሚያበላው እሱ ነው። ድንኳኑ መጣ፣ ሰው ሞላ፣ ቁርአን ተቀራ። የሰፈሩ፣ የገንደቆሬ ሰው ስለ አው ሐሰን ደግነት፣ ስለ ቋንቋ አዋቂነቱ፣ ስለ ቀልዱ ሲያወራ ዋለ። እኔም ከሥራ እየወጣሁ የለቅሶው ተዕዚያ እስኪያልቅ ተቀምጫለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አክሲዮን የምትለዋን ቃል ከአንድ ሰው አፍ አልሰማሁም። ሰውየው በምን እንደጠፋ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ያልተናገረውም ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ እኔ ልናገረው። በዚያ ነገር ውስጥ አንድም አክሲዮን አልነበረኝም፤ የማስመልሰውም የምሸሽገውም የለኝም።

አው ሐሰንን ያወቅኩት ከአሰበ ተፈሪ በወጣትነቴ መጥቼ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ነው። እሱ የችሎቱ አስተርጓሚ ነበር። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አደርኛ፣ ዐረብኛ፣ ከባቡር ሰዎች የለቀመውም ፈረንሳይኛ ነበረው። ከተማው ሐሰን ቱርጁማን ይለዋል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጥላ ጥላውን የሚሄድ ሰው ነው። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት መሐረቡን ያወጣና አፉን ጠረግ ያደርጋል። የቀድሞውን ሰው ቃል ጠርጎ የሚጥል ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስለው ሳቀብኝ።

«ያ ታደሰ፣ እዚህ ሀገር አንቱ የሚባል የለም። አንቱ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሟል ብዬ ዞሬ ነው የማየው» አለኝ፤ ሰው ሲጠራ እንደ ዐረቦቹ «ያ» ያስቀድማል።

ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት፤ አሁንም እሱ እያልኩ የማወራው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን አንድ የሶማሌ ግመል ነጋዴ ክስ ተረታና ዳኛውን በሶማሊኛ ተናገራቸው። በችሎቱ ያሉ ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው ወደ አው ሐሰን ዞረው «ምን አለ?» አሉ። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን «በፍርዱ ቅር ብሎኛል ነው የሚለው» ብሎ ይገላገል ነበር። አው ሐሰን አፉን ጠረገና ጥርት ባለ አማርኛ «አህያ ላይ ካባ ቢጭኑበት ዳኛ አይሆንም» አለ። ዳኛው በርበሬ መሰሉ።

«ማነው የሰደበኝ? አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

«ቃሉ የሱ ነው፣ ክቡር ዳኛ። ድምፁ ብቻ ነው የኔ።»

ሁለቱንም በገንዘብ ቀጧቸው። ነጋዴው ከወጣ በኋላ ለምን አላለዘብክለትም ብዬ ተቆጣሁት፤ ወጣት ስለነበርኩ ሰው መቆጣት ይቀናኝ ነበር። «ዛሬ ስድቡን ካጣፈጥኩለት ነገ ምስክርነቱንም አጣፍጥለታለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያምነኛል? እኔ ሌላ ሥራ የለኝም አቦ» አለኝ። ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ መዝጊያዋን ገርበብ አድርጋ በርጫ ላይ ስትቀመጥ እሱ ጫት አይነካም ነበር፤ ምላስ ላይ የሌለ ነገር ይጨምራል ይላል። ሁሉም ሲቅም እሱ በከዚራ ዛፎች ጥላ ብቻውን ይንጎራደዳል፣ ወይ ሻሂውን ይዞ ይቀመጣል።

የሳሙና ፋብሪካው ነገር የመጣው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጥቂት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ፋብሪካ አቋቋሙና አክሲዮን መሸጥ ጀመሩ። አንዱ አክሲዮን አሥር ብር ነው። ሻጮቹ በብስክሌት እየዞሩ ከመጋላ ገበያ እስከ ገንደቆሬ ሱቅ ለሱቅ፣ ጉልት ለጉልት አዳረሱት። አሥር ብር ያለው ሁሉ የፋብሪካ ጌታ ሊሆን ነው። የርካሽ ነገር ክፋቱ ይኼው ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ በአሥር ብር ፋብሪካ የሚገዛ ሰው ግን ፋብሪካው ዕዳ አለበት ወይ፣ ነገ ስንት ሌላ አክሲዮን ያወጣል ብሎ አይጠይቅም።

ደንቡ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። መቶ አክሲዮን ያልሞላው ሰው በጠቅላላ ጉባኤው መጥቶ መቀመጥ ይችላል፤ መናገርም ድምፅ መስጠትም አይችልም። ሳምቡሳ ሻጯ ዘሃራ፣ ተሸካሚው፣ ልብስ ሰፊው አንዳንድ ሁለት ሁለት ነው የሚገዙት። የገንደቆሬው አፎሻ ሰብሳቢ ሐጂ ሙሜ ይህን ሲሰማ መላ መታ። ሽማግሌ ነው፤ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሰው ሲያስታርቅ የሚውል።

«ለየብቻ ገዝተን ተገትረን ከምንመለስ የሁላችንንም በአንድ ሰው ስም እናድርገው። ያ ሰው ይናገርልን» አለ።

ያ ሰው ማን እንደሚሆን ማንም አልተከራከረም። አፎሻው ለቀብር ያጠራቀመውን አወጣ፣ እያንዳንዱም የአቅሙን ጨመረ፤ ከመቶ ትንሽ የሚያልፍ አክሲዮን በሐሰን ኡመር ስም ተገዛ። በመካከላቸው ወረቀት አልነበረም። ፋቲሃ ቀሩ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ፣ አለቀ። አማና ነው። ለሌላ ሀገር ሰው እብደት ይመስላል፤ እኛ ጋ ግን ከውል የሚበልጠው አማና ነው። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ዐይኔ ወረቀት ለምዷል። ማን ስንት እንዳለው ጽፋችሁ ፈርሙ ብዬ አው ሐሰንን መከርኩት።

«በፋቲሃ በተሰጠኝ ነገር ላይ ቴምብር ልለጥፍበት? ነውር ነው ያ ታደሰ» አለኝ።

በመጀመሪያው ዓመት የትርፍ ድርሻ ተከፈለ። ጥቂት ፍራንክ ናት፤ ከላዩ ደግሞ ሳሙና ተመረቀበት። አው ሐሰን ለየቤቱ እየዞረ አከፋፈለው። ዘሃራ ያን ቀን የሆነችውን አልረሳም። የሳምቡሳ ትሪዋን እንደያዘች መንገድ ላይ አስቆመችኝና እጇን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋች። «አሽትተኝ! በራሴ ሳሙና ነው የታጠብኩት አቦ!» አለች። እኔም አሸተትኩላት። ደህና ሳሙና ነበር።

ንጉሡ ወርደው፣ ኢትዮጵያ ትቅደም እየተባለ፣ ገና ማንም ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከዚራ አንድ የሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ግርማ አው ሐሰንን በክፍያ አስተርጓሚ አድርጎ ያዘው፤ እኔን ደግሞ ቃለ ጉባኤ እንድጽፍ። አቶ ግርማ ነጭ ሱፍ የሚለብስ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ነው። ፋብሪካው ትልቅ ቦይለር ያስፈልገዋል አለ። ለዚህም አዲስ አክሲዮን ወጥቷል፤ ብዛቱ የድሮውን ያህል ነው፤ ዋጋው አምስት ብር ሆኗል፤ የመግዛት ቅድሚያም ለመሥራቾች ተሰጥቷል። መሥራቾቹ ማለት እሱ፣ ወንድሞቹ፣ የሚስቱ ዘመዶች ናቸው።

«በእጃችሁ ካለው አክሲዮን አንድም አይቀነስባችሁም» አለና እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

አው ሐሰን አፉን ጠርጎ በኦሮምኛ፣ አፉን ጠርጎ በሶማሊኛ ተናገረው። ምንም አላጎደለም። ሰው አጨበጨበ። አክሲዮኑ ካልተቀነሰበት ምን ይጎዳዋል? ከዚያ አው ሐሰን መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከመድረኩ ወረደ፣ ከሰዎቹ መሃል ሄዶ ተቀመጠ፣ እጁን አወጣ።

«አሁን ባለአክሲዮን ነኝ። ልናገር» አለ።

አቶ ግርማ አልወደደውም፤ ደንቡ ግን ይፈቅዳል። አው ሐሰን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እንዲህ አለ።

«ለአረፋ በሬ ስንገዛ ለሰባት ቤት ነው። እኩል እናዋጣለን፣ እኩል መደብ እንወስዳለን። አሁን በሬው ታርዷል። አቶ ግርማ ሌላ ሰባት ሰው ይዞ መጣ፤ እነዚህ በግማሽ ዋጋ ይግቡ ይለናል፤ ከእናንተ መደብ የሚጠፋ የለም ይለናል። አዎ፣ መደባችን ሰባት ነው፤ አልጠፋም። ግን በሬው ያው በሬ ነው። ለአሥራ አራት ሲመደብ እያንዳንዱ መደብ ያንሳል። የኛ መደብ ሥጋ ወደ ማን ድስት እየሄደ እንደሆነ ይነገረን።»

ከአዳራሹ ኋላ ጀምሮ ጉርምርምታ ተነሳ። ሰው ገባው። ቅርጫ የማያውቅ የለማ።

«ቦይለሩ በሬውን ያሳድገዋል!» አለ አቶ ግርማ።

«ካደገ እሰየው። እኛም በግማሽ ዋጋ እንግባ።»

አቶ ግርማ ጨነቀው። ከዘመዶቹ ጋር ተንሾካሾከና፣ የድሮ ባለአክሲዮን ሁሉ በያዘው ልክ በአምስት ብር መግዛት ይችላል፤ ግን በወሩ መጨረሻ ጊዜው ያልፋል አለ። ቀጥሎ ደግሞ አክሲዮኑ እጥፍ ስለሆነ ለመናገርና ድምፅ ለመስጠት የሚያስፈልገውም ሁለት መቶ ይሁን ብሎ አስወሰነ። ድምፅ በአክሲዮን ብዛት ነው፤ ዘመዶቹ እጃቸውን አወጡ፣ አለፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ብዕሬ ከብዶኝ ነበር።

አፎሻው ገንዘብ የለውም። ከሰጡት ላይ ድጋሚ ስጡ ሲባሉ ገሚሱ ያለን ይበቃናል አለ። አው ሐሰን ግን ያለን አይበቃም ባይ ነው። ካልገዛን ድርሻችን ግማሽ ይሆናል፤ አፋችንም ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ አክሲዮን አውጥተው ሩብ ሲያደርጉን ተቀምጠን እናያለን ይላል። ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝም ትክክል መሆኑ ነው።

የሚያከራያቸው ሁለት ክፍል ቤቶች ነበሩት፤ ሸጣቸው። ያ አልበቃ ሲለው የእትዬ ፋጡማን ወርቅ ጠየቀ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ምሳ ጠርቶኝ።

«ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያንተ የራስህ ስንት ነው?» አለችው።

«አንድ ሁለት።»

«ለአንድ ሁለት አክሲዮን ነው ወርቄን የምትፈልገው?»

«ለነሱ ነው ፋጡማ። አፍ እንዲኖራቸው።»

«አፍማ አለህ። እሱን በነፃ ስጣቸው።»

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከሰዓት በኋላ ወርቁን በጨርቅ ቋጥራ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። በገንዘቡ አዲሶቹን አክሲዮኖች ገዛ። በራሱ ቤትና በሚስቱ ወርቅ የተገዙትን ጭምር የአፎሻው ናቸው አላቸው። ገንዘብ በኖራችሁ ቀን ትመልሱልኛላችሁ አለ። ለዚህም ወረቀት አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ በሬዲዮ ማርሽ ተመታና የተወረሱ ፋብሪካዎች ስም ተነበበ። የሳሙና ፋብሪካውም አለበት። ከተማው ሰልፍ ወጣ። ዘሃራ እልል አለች። «ፋብሪካው የሕዝብ ሆነ!» ትላለች፤ ሕዝብ ማለት እሷ ናት፤ ማን ቢነግራት ነው ድርሻዋ እንደቀረ የምታምነው? አው ሐሰን በሰልፉ ዳር ቆሞ ያያታል። የሰውን ደስታ መቀማት አይችልበትም ነበር።

አቶ ግርማ ቀድሞ ነቅቷል። የቦይለሩን ገንዘብ ይዞ በባቡር ጅቡቲ ገብቷል፤ ዘመዶቹም እግሬ አውጪኝ ብለዋል። ቦይለር የሚባል ነገር ድሬዳዋ ጣቢያ ወርዶ አያውቅም። አዲሶቹ ጌቶች የፋብሪካውን ቢሮ ሲከፍቱ በከተማው ከቀሩት ሰዎች መሃል ትልቁ ባለአክሲዮን ማን ሆኖ ተገኘ? በአንድ ክፍል ቤት የሚኖረው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ።

እሱም ቢሆን ዝም ቢል ይረሳ ነበር። እንዳይረሳ ያደረገው ካሳ የሚባለው ነገር ነው። የተወረሰበት ሰው በአካል ቀርቦ፣ የአክሲዮን ወረቀቱን አሳይቶ፣ የኔ ነው ብሎ ከፈረመ መንግሥት ካሳ ይከፍላል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። አፎሻው ሐጂ ሙሜ ግቢ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰበሰበ። አው ሐሰን ማስታወቂያውን ተርጉሞ አነበበላቸውና ጠየቃቸው።

«ሁለት መንገድ አለ። የያንዳንዳችሁን ስም ሰጥቼ ይህ የነዚህ ሁሉ ሰዎች ነው እላለሁ። ወይም በስሜ ብቻ እፈርማለሁ።»

ጊዜው ከበርቴ የሚለው ቃል ሰው የሚያስበላበት ጊዜ ነው። ሐጂ ሙሜ ጢሙን እየነካካ «ስማችንስ ባይገባ?» አለ።

«የኔ ብቻ ከገባ ሁሉም የኔ ነው የሚባለው ሐጂ።»

«እኛ መች ጠፋን! የምናውቅ እናውቃለን።»

ዘሃራ ዐይኖቿ እንባ አዝለዋል። «እኔ የሙት ልጆች ነው የማሳድገው አው ሐሰን። ስሜን አታስገባብኝ። ግን ወላሂ ፍራንኬ እንዲቀርብኝ አልፈልግም» አለችው።

ነገሩ ይኼ ነው። ስማችን አይግባ፤ ገንዘባችን አይቅር። ልፈርድባቸው እልና እተወዋለሁ፤ ድሃ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይልቀቅ? ተመልሼ ደግሞ እፈርድባቸዋለሁ። አው ሐሰን ራሱን ነቀነቀና እሺ አላቸው።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ እጁን ይዤ ለመንኩት። «ተወው። በዚህ ዘመን ከበርቴ ነኝ ብሎ በገዛ እጁ የሚፈርም ሰው አይቼ አላውቅም። ካሳ ብሎ ነገር የለም፤ ሰው መልቀሚያ ነው» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል።»

«እና?»

«ካልፈረምኩ በላሁት ማለት ነው።»

ሄዶ ፈረመ። አብሬው ነበርኩ። የሚመዘግበው ልጅ የተሸበሸበ ኮቱን አየ፣ የአክሲዮን ወረቀቱን ክምር አየ።

«ይህ ሁሉ ያንተ ነው?»

«በስሜ ነው።»

«የሌሎች ሰዎች ከሆነ ዝርዝር አምጣ፤ ለራስህም ይሻላል» አለው። ልጁ ደግ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረው።

«ዝርዝር የለኝም» አለ አው ሐሰን።

ካሳው አልመጣም። በየአርብ ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ «ምን ደረሰ?» ይሉታል፤ «ገና ነው» ይላል። ወራት አለፉ፣ ዓመትም ተከተለ። ቀስ በቀስ ጥያቄው ተለወጠ። ተቀብሎ ሸሽጎት ነው የሚል ሹክሹክታ መጋላ ውስጥ ተሰማ። እትዬ ፋጡማ ቲማቲም ልትገዛ ሄዳ ሰማችውና ዘንቢሏን ባዶ ይዛ ተመለሰች። ቤት ገብታ ለእሱ አልነገረችውም፤ ለኔ ነው የነገረችኝ። ያንን ወርቅ በገዛ እጇ ቋጥራ የሰጠች ሴት መሆኗን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እሱ ግን ሰምቷል። ዐሥር ሰው በአምስት ቋንቋ የሚያንሾካሹከውን እሱ ካልሰማ ማን ይሰማል? ከዚያ ወዲህ ከመስጊድ ሲወጣ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ይቆምላቸው ጀመር። መጠየቅ የፈለገ ሁሉ እንዲያገኘው ነው።

ቀይ ሽብር መጣ። የሶማሌ ጦርነትም አልፎ ከተማው ገና ጥይት ጥይት ይሸታል። አንድ እሑድ ቀበሌው ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰበ፤ የማጋለጥ ስብሰባ ነው። የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማንም አልቀረም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አብዮት ጠባቂዎች አው ሐሰንን እጁን የፊጥኝ አስረው ከጠረጴዛው ፊት አቆሙት። ካድሬው ከሸዋ በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው። በእጁ ያ አው ሐሰን የፈረመበት ወረቀት አለ።

መናገር ጀመረ፤ ትንሽ እንደሄደ የሕዝቡ ፊት ምንም እንዳልገባው አየ። ግማሹ አማርኛው ከገበያ አያልፍም።

«እዚህ የሚያስተረጉም ማነው?» አለ።

ማንም አልመለሰም። የሁሉም ዐይን ግን ልማድ ሆኖበት ወደ አው ሐሰን ሄደ። ካድሬው አየና ሳቀ።

«ጥሩ! ራስህ ተርጉመው።»

ተረጎመው። ካድሬው «ይህ ሰው በሠራተኛው ላብ የከበረ፣ የሕዝብ ደም የመጠጠ ከበርቴ ነው» አለ። አው ሐሰን በኦሮምኛ ሲለው ሰማሁ። ያኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ አንዲት ቃል አላጎደለም። ላብ ያለው ላብ ነው፣ ደም ያለው ደም ነው። በሶማሊኛ ቀጠለ። «ድሃ መስሎ ሲኖር በስሙ ያለው ሀብት ይኼው!» ይላል ካድሬው፣ ወረቀቱን እያውለበለበ። አው ሐሰን ይከተላል። ድምፁን ዝቅም አላደረገ፣ ከፍም አላደረገ። እትዬ ፋጡማ ሴቶቹ መሃል ቆማ አፏን በሻሿ ይዛለች። ከአጠገቤ የነበረው ልብስ ሰፊ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይኼ፣ አንዲት ቃል ለራሱ ቢያለዝብ ማን ያውቅበታል እያልኩ በልቤ እጮህ ነበር።

በመጨረሻ ካድሬው ጠረጴዛውን መታ።

«ከዚህ ሀብት ውስጥ ድርሻ አለኝ የሚል ካለ እጁን ያውጣ! ከሌለ የሱ ብቻ ነው፤ የሚደርሰውም በሱ ብቻ ነው!»

አው ሐሰን በኦሮምኛ አለው። በሶማሊኛ አለው። ማንም ሳያዝዘው ደግሞ በአደርኛ ጨመረ፤ የቀረ ሰው እንዳይኖር ነው። ከዚያ ምስክር እስኪመልስ ችሎት ውስጥ እንደሚጠብቀው ጠበቀ።

ሐጂ ሙሜ ከፊት ነበር። የሙስበሃውን ፍሬዎች ይቆጥራል፤ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ዘሃራ ትንሹን ልጇን ፊት ለፊቷ አስቁማ ሁለት እጇን ትከሻው ላይ ጭናለች፤ እጆቿ እዚያው ናቸው። ልብስ ሰፊው ከመሬት አልተነሳም። ያ ሁሉ ሰው፣ እያንዳንዱ አንድም ሁለትም ያለው ሰው፣ ጸጥ አለ።

ካድሬው ወደ አው ሐሰን ዞረ።

«ምን አሉ?»

አው ሐሰን ሕዝቡን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አየ።

«ምንም አላሉም» አለ።